«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደህና ቅጂ ያሻዋል

ስለ ፊልም ሂስ ሲጻፍ ዘወትር የሚመዘነው ታሪኩና የተዋንያኑ ችሎታ ነው። ሥራው በምን ዓይነት ቅጂ ለተመልካቹ እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተመለከተ ይህን ጥያቄ ማንሳት ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የሲኒማ ጥበብ የተማረው ኃይሌ ፊልሙን የቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ሥራው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተነሳ ሲሆን 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለባላባቱ ሲለፋ፣ ከብት ጠባቂዋን ልጅ ጎርፍ ሲወስዳት፣ መሬቱን የተቀማውና እንደ እብድ የሚታየው ከበበ በመጨረሻ ባላባቱን ሲገድል እናያለን።

የፊልሙ ኃይል ግን ከድርጊቱ ይልቅ በአቀራረጹ ላይ ነው። ንግግሩ ጥቂት ነው። ካሜራው ከሩቅ ሆኖ በሰፊው መሬት ላይ ያለችውን ትንሽ የሰው ምስል ለረዥም ጊዜ ይከተላል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ሠራተኛው ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ይህን ልዩነት የሚነግረን ቃል ሳይሆን ምስሉ ነው። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ በደበዘዘ ቅጂ መጀመሪያ የሚጠፋው ያው ገበሬ ነው። ባላባቱ ይታያል፤ አራሹ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ፊልሙ የተሠራለት ሰው ከፊልሙ ይወጣል ማለት ነው።

ሀዋታ ላለን መምህራንና ተማሪዎች ነገሩ የሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ራሃድ በክረምት እንዴት እንደሚሞላ ተማሪው ያውቃል። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ላይ በሰው መሬት የሚውል የቀን ሠራተኛ ምን እንደሚመስልም የሚነግረው አያስፈልገውም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን አገር በቦሎኛ ታድሷል። ስለዚህ ጥሩው ምስል አለ፤ የቀረው ለተማሪው ማድረስ ነው። እኛ የምንመኘው ቅጂ ከታደሰው ምስል የተወሰደ፣ ድምፁ የጠራ፣ ለሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን የዓረብኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ነው። ገባር፣ ባላባት፣ ርስት የሚባሉትን ቃላትና የመሬት አዋጁን የሚያብራራ አነስተኛ የአማርኛ መጽሔትም አብሮት ቢወጣ መምህሩን በእጅጉ ያግዛል።

ፊልሙ ረዥምና ዝግተኛ ስለሆነ ተማሪን ያሰለቻል የሚሉ አሉ። ርዝመቱን በክፍል በክፍል ከፍሎ ለሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ማዳረስ ይቻላል። ዝግታው ግን የትምህርቱ ፍሬ ነገር ነው፤ የእርሻ ሥራ በጥድፊያ አይታይምና። እንዲያጥር ሳይሆን በሚገባ እንዲታይ እንጠይቅ።