ተቆርጦ ስለ ተነገረ ቃል

ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ስሙን መጠበቅ እንደሚገባው አባቶቻችን ነግረውናል። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል፤ በሐሰት የጠፋ ስም ግን፣ ወሬውን የሰሙት ሁሉ አብረው ካልመለሱት በቀር፣ ባለቤቱ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። በቀድሞ ዘመን የሐሜተኛ ቃል ከመንደሩ ብዙ አይርቅም ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ወጣት በኪሱ ስልክ፣ በስልኩም ውስጥ በስሙ የተከፈተ ገጽ አለው። በዚያ ገጽ ላይ ለወዳጆቹ የጻፈውን አንድ ዜና ጸሐፊ ቆርጦ ቢወስድበትና አጣሞ ቢያወራበት ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ተነሥቼ እመረምረዋለሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ ነው። ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ስለዚሁ ሜዳ በፌስቡክ ገጼ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣሁ። ቡድናችን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዱን አስታወስሁ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ካፍ ሜዳዎቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ብሎ ስለ ነበር፣ የእኛ ተብሎ የተቆጠረው ጨዋታ የተደረገው በማላዊ መሆኑን ጻፍሁ። መደምደሚያዬም ይህ ነበር፦ «አንዳንድ ሰዎች ‹ስታዲየሙ ይፍረስና ቦታው ለሌላ ሥራ ይዋል› ይላሉ፤ እኔ ግን ታድሶ ለልጆቻችን ይቆይ እላለሁ።»

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ የዜና ማሰራጫ «‹ስታዲየሙ ይፍረስ› ሲል አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ጠየቀ» የሚል ርእስ አወጣ። በስታዲየሙ ሥር የስፖርት ልብስ የሚሸጡ ነጋዴዎች እንጀራቸውን ልነጥቃቸው የተነሣሁ መሰላቸው። የ1954ቱን ጨዋታ በልጅነታቸው ሜዳው ድረስ ገብተው የተመለከቱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴም ጠዋት «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብላቸው ሳይመልሱልኝ አለፉ።

እንግዲህ ይህን ዜና እንደ ሥራ እንመዝነው። የመጀመሪያው ጉድለቱ የሌላውን ሰው ቃል ለእኔ መስጠቱ ነው። እኔ ልቃወመው የጠቀስሁትን አሳብ የእኔ አሳብ አደረገው፤ «እኔ ግን» ከሚለው በፊት ያለውን ወስዶ ከዚያ በኋላ ያለውን ተወው። ሁለተኛው ጉድለቱ በእውነት ሐሰትን መሥራቱ ነው። «ግለሰቡ በገጻቸው እንዳሰፈሩት» ይላል፤ በእርግጥም ቃሉ በገጼ ላይ ሰፍሯል። የተጣመመ ነገር ከፈጠራ የሚከፋው በዚህ ነው፤ ፈጠራውን «አላልሁም» ብለው ይክዱታል፤ የተቆረጠውን ቃል ግን «ብያለሁ፤ ነገር ግን...» ማለት ያስፈልጋል፤ ያንን «ነገር ግን» ቆሞ የሚሰማ ደግሞ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ጉድለቱ በፎቶግራፉ ነው። በአንድ ወዳጄ ሠርግ ላይ ስስቅ የተነሣሁትን ከገጼ ወስዶ ከርእሱ በታች ስለ ለጠፈው፣ በስታዲየሙ መፍረስ የምስቅ መሰልሁ። አራተኛውና ዋነኛው ጉድለቱ አለመጠየቁ ነው። ገጼን ያገኘ ጸሐፊ በዚያው ገጽ መልእክት ልኮ «ምን ማለትዎ ነው?» ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

«ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ታዲያ ምን በደልን?» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይህ መልስ ግን አያስኬድም። የራስ ገጽ እንደ ቤት ጓዳ የተሰወረ፣ እንደ አደባባይም የሁሉ የሆነ አይደለም፤ እንደ ደጃፍ ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስናገር መንገደኛ ቢሰማኝ አልቆጣም፤ የሰማውንም ለሌላው ቢነግር አልከለክለውም። ነገር ግን ግማሹን ሰምቶ በግማሹ ቢከስሰኝ፣ ደጃፌ ክፍት መሆኑ ለእርሱ ምክንያት አይሆነውም።

ይሁን እንጂ ወጣቶች ሆይ፣ የሚያስከፋ ዘገባ ሁሉ ግፍ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን ከ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ በላይ ወስዶ ከሁሉ በኋላ ጨረሰ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለ ነበሩ «እንዴት ተመረጠ?» ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ይህ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የዓለም ጋዜጦችና የብዙ ሰዎች ገጾች ያንን ጥያቄ ትተው ሰውነቱን ከባሕር እንስሳ ጋር እያመሳሰሉ ተሳለቁበት። ጥያቄው ትችት ነበር፤ ሣቁ ግን ነውር ነበር። ሮቤል ለጋዜጠኞች ሲመልስ ስድብን በስድብ አልመለሰም፤ በአገሩ ሁሉም የሚሮጥ ቢሆንም እርሱ ዋናን እንደ መረጠ ብቻ ተናገረ። ስለዚህ የሚያስከፋ ዜና ሲወጣባችሁ በመጀመሪያ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ፦ ቃሌን ሙሉውን አቅርቧልን? እኔን ጠይቋልን? ስሕተቱ ሲነገረው አርሟልን? ሦስቱንም ከፈጸመና አሁንም ከከፋችሁ፣ የደረሰባችሁ ትችት ነውና ታገሡት።

የተቆረጠ ቃል ምን ያህል እንደሚጎዳ ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ አለ። በሐምሌ 2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን የነበሩት ሸርሊ ሼሮድ ካደረጉት ረጅም ንግግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተቆርጦ በኢንተርኔት ወጣ። በተቆረጠው ውስጥ ጥቁሯ ሴት አንድን ነጭ ገበሬ በሙሉ ልባቸው ለመርዳት እንዳልፈለጉ ሲናገሩ ይሰማል። ወዲያው ከሥራቸው እንዲለቁ ተደረገ። ሙሉው ንግግር ሲወጣ ግን ሴትዮዋ የሚተርኩት ያንን ስሜት እንዴት እንዳሸነፉትና ገበሬው መሬቱን እንዳያጣ እንዴት እንደ ረዱት ኖሮ ተገኘ፤ የገበሬው ቤተ ሰብም መሰከረላቸው፤ ሚኒስትሩም ይቅርታ ጠየቁ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ንግግሩ የተደረገበት ማኅበር ራሱ፣ ሙሉውን ቅጂ በእጁ ይዞ ሳለ፣ ሳይመለከተው ቀድሞ ያወገዛቸው መሆኑ ነው።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ከሥራ ማጣትም አልፏል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶግራፋቸውና በሐሰት የተሞላ ክስ በፌስቡክ ከተሰራጨባቸው በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. በኬንያ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሷል። ስለዚህ ሐሰቱ ሕይወትን የሚያሰጋ ሲሆን ትዕግሥት መልስ አይደለም፤ ያለ መዘግየት ወደ ሕግ መሄድና ቤተ ሰብን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ነገሩ ስምን ብቻ የሚነካ ሲሆን ግን የመልሱ መንገድ እንደዚህ ነው። ከሁሉ በፊት የጻፋችሁትን አታጥፉ፤ ያጠፋችሁ እንደ ሆነ ከሳሻችሁ «እፍረት ይዞት ነው» ይላል፤ ሙሉው ቃልም ምስክር ያጣል። ይልቁንም የእናንተንም የእርሱንም ጽሑፍ ከነቀኑ ቅጂ ያዙ። ቀጥሎ አንድ ሌሊት እደሩ፤ በቁጣ የተጻፈ መልስ ለሌላ ርእስ የሚሆን ሌላ ቃል ያቀብላልና። ከዚያም ለአዘጋጁ ጻፉ፤ «ዋሽታችኋል» ሳይሆን «ይህ ዐረፍተ ነገር ከዚህ ላይ ተቆርጧል፤ ሙሉው ይህ ነው፤ ዜናው በወጣበት ስፍራ ይታረምልኝ» በሉ። በገጻችሁም ላይ ሙሉውን ቃል አቅርቡ እንጂ የእርሱን ርእስ እየደጋገማችሁ አታስተዋውቁለት። ወዳጆቻችሁንም በጸሐፊው ላይ አታዝምቱ፤ እርሱ አንድ ሰው ቢበድል፣ እናንተ ሺህ ሰው ብታዘምቱበት ከእርሱ የባሰ በደል ሠራችሁ።

እኔም ይህንኑ አደረግሁ። አዘጋጁ በሦስተኛው ቀን ርእሱን ለወጠና ከግርጌ አንድ መስመር እርማት ጨመረ። የፊተኛውን ያሰራጩት ሰዎች ግን እርማቱን አላሰራጩትም። እኔም ርቆ የሄደውን ወሬ ማሳደድ ትቼ፣ ከሽማግሌው ጎረቤቴ ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ ጽሑፌን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ሰምተው «ልጄ፣ እኔ ሌላ ሰው ሲያነብ ነው የሰማሁት፤ እስከዚህ ድረስ አላነበበልኝም» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታችን ተመለሰ። ስም የሚመለሰው በእንዲህ ያለ መንገድ፣ በአንድ በአንድ ሰው ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድ ጋዜጣ ለመጉዳት ሳያስብና ያለ ከባድ ቸልተኝነት የሰውን ስም ቢያጠፋ፣ ተበዳዩ ሲጠይቀው ወዲያው ቃሉን አንሥቶ ይቅርታ ከጠየቀ ኀላፊነት እንደሌለበት ይደነግጋል። የሕጉ ጥበብ ለሁለቱም ማሰቡ ነው፤ ለተሳሳተው የመመለሻ በር ይከፍትለታል፤ ለተበደለው የመጠየቅን መብት ይሰጠዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን በአንቀጽ 29፣ ክብርንና መልካም ስምን በአንቀጽ 24 ሲጠብቅ፣ አንዱን በሌላው ለማፍረስ አይደለም።

ነገር ግን ሕጉም ሆነ አዘጋጁ ሊሠሩት የማይችሉት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የአንባቢው ሥራ ነው። በእኔ ላይ የወጣውን ዜና አንድ ሰው ጻፈው፤ የተሸከሙትና ከቤት ወደ ቤት ያደረሱት ግን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እንኳ ገጼን ከፍቶ ሁለት ተጨማሪ መስመር ቢያነብ ኖሮ ሐሰቱ በእርሱ ዘንድ ይቆም ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጣታችን ግን ዜናውን ለሌላው ለመላክ ከዓይናችን ይቀድማል። ወጣቶች ሆይ፣ የሰው ቃል ተቆርጦ ሲመጣላችሁ፣ ከመፍረዳችሁና ከማስተላለፋችሁ በፊት የቀረውን ፈልጉ። ይህን የለመደ ሰው፣ የእርሱ ቃል በተቆረጠበት ቀን፣ ሙሉውን እስኪያነቡለት የሚታገሡት ጎረቤቶች አያጣም።