«አናደደ» ስለሚባለው ቃል አጠቃቀም

አማርኛ በቃላት ድኻ ነው እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ። ድኽነቱ የቋንቋው ሳይሆን የእኛ የጸሐፊዎቹ መሆኑን ለመረዳት ግን ሰውን ማስቆጣት የሚገለጽባቸውን ቃላት መመርመር ይበቃል። በዛሬ ልብ ወለዶችና ከባዕድ ቋንቋ በሚተረጐሙ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ልጅ አባቱን፣ ሚስት ባሏን፣ ጸሐፊ አለቃውን፣ ዝናብም መንገደኛውን «አናደደ» ይባላል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሸክም እንዴት ይችላል?

«አናደደ» የተገኘው «ነደደ» ከሚለው ግስ ነው። ለእሳት «አነደደ»፣ ለሰው «አናደደ» እንላለን፤ ጭነት «አወረደ»፣ ሰው «አዋረደ» እንደምንለው ሁሉ ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው። «አቃጠለ»ና «አሳረረ»ም ከዚያው ከምድጃ የመጡ ዘመዶቹ ናቸው። እንግዲህ ቃሉ የሚያሳየን በሰውየው ውስጥ የሚነደውን እሳት እንጂ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አይደለም።

«አስቆጣ» ግን ከዚህ ይለያል። መቆጣት መገሠጽም ነውና አባት ልጁን፣ መምህር ተማሪውን ይቆጣል፤ ልጅ አባቱን ተቆጣ ቢባል ግን ሰሚው ይደነግጣል። ስለዚህ ጋዜጣ «ድርጊቱ ሕዝቡን አስቆጣ» ብሎ ሲጽፍ ሕዝቡን በዳኛ ወንበር ማስቀመጡ ነው። «አናደደ» ቢል ኖሮ ሕዝቡ በከንቱ ተቃጥሎ በቀረ ነበር።

«አስቀየመ» ደግሞ ያለ ወዳጅነት አይነገርም። በመንገድ የገፋን እንግዳ ያናድደናል እንጂ አያስቀይመንም። ቅያሜ ካልታረቀም ቂም ይሆናል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» መባሉ ስለዚህ ነው።

በሐርቡም ሆነ በሌላው የወሎ አገር፣ ሽማግሌዎችና አበጋር የሚባሉት አስታራቂ አባቶች ባሉበት፣ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። «አናደደኝ» ለሚል ሰው «ታገሥ» ቢባል ይበቃው ይሆናል፤ «አስቀየመኝ» ላለው ግን ባላጋራው ተጠርቶ ዕርቅ ሊወርድ ይገባል። በመሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። አቤት ባይ «አናደዱኝ» ብሎ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ መዝገቡን የሚመረምረው ሹም የሰውየውን ጠባይ እንጂ የደረሰበትን በደል አይመለከትም። «ሰደቡኝ»፣ «አጉላሉኝ»፣ «መብቴን ነፈጉኝ» ቢል ግን ነገሩ ከጠባይ ወጥቶ ወደ ፍርድ ይገባል።

ሕዝቡ በየቀኑ «አናደደኝ» እያለ ሲነጋገር ለምን በጸሐፊው ላይ ይፈረዳል የሚል ሰው አይታጣም። ተናጋሪ ግን የቀረውን በፊቱና በድምፁ ይሞላዋል፤ ወረቀት ፊትም ድምፅም የለውም።

የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ታትመውልናል። ተርጓሚዎችና ወጣት ደራስያን እነዚህን መጻሕፍት በአጠገባቸው ቢያኖሩ፣ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን «አናደደ»ን ሳይጠቅሱ አንድ ጠብ እንዲጽፉ ቢያዝዟቸው መልካም ነው። ተማሪው ያን ጊዜ ማን እንደ በደለ፣ ማን እንደ ተበደለና ነገሩ በምን ሊበርድ እንደሚችል አስቀድሞ ለማሰብ ይገደዳል።