ሸክላው ያልያዘው ሌሊት
የቂርቆስና የካዛንቺስ የሙዚቃ ምሽቶች በትዝታና በሂስ ሚዛን

ትዝታ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንድም ያለፈ ነገር በልብ ሲመላለስ የሚያሳድረው ስሜት ነው፤ አንድም ከአራቱ ዐበይት የዜማ ቅኝቶቻችን የአንደኛው መጠሪያ ነው። ስለ ስድሳዎቹ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ሌሊቶች ጨዋታ ሲነሣ ግን ሁለቱ ትርጕሞች ይደባለቃሉ። ተናጋሪው ያስታውሳል ከማለት ይልቅ ያንጐራጕራል ማለት ይቀላል። ስድሳዎቹ ስንል በእኛ አቈጣጠር ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ዓመታት ማለታችን ሲሆን፣ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ወደ ኋላና ጥቂት ወደ ፊት ፈቀቅ ማለታችን አይቀርም።

ትዝታን መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ሆኖም ትዝታ የጣፈጠውን ለእንግዳ አቅርቦ ጓዳውን የሚዘጋ ባለቤት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩ ሰዎች ስለ ምሽቱ ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚጠሩት የድምፃውያንን ስም ነው፤ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሒሩት በቀለን። ከዚያ የሱሪው ስፋትና የጫማው ተረከዝ ይከተላል። ከድምፃዊው ጀርባ ቆሞ እስከ እኩለ ሌሊት ትራምፔት ሲነፋ ስላመሸው ሰው ግን የሚናገር አይገኝም። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ የዚያ ዘመን የሙዚቃ ለውጥ በድምፃዊው ጕሮሮ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በባንዱ የሥራ ቦታ፣ ማለትም በሌሊቱ ክበብ ውስጥ የተሠራ ነው። ያንን ሌሊት ከሁሉ ይበልጥ የሚመሰክሩልን ሥራዎችም ድምፃዊ የማይመራቸው ሁለት የሙዚቃ ቅጂዎች ናቸው። ወደ እነርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ሰፈሩንና ሙዚቀኛውን ማወቅ ይኖርብናል።

ሰፈሩ

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም «ኢንቺስ» ሲሆን፣ ቤቶቹ በጣሊያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና የአዲስ አበባ ሕዝብ ቃሉን በአፉ አለስልሶ ካዛንቺስ አለው። ወራሪው ሄደ፤ ቤቱና ስሙ ቀሩ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ተመረቀ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሂልተን ሆቴል በሩን ከፈተ። ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ሲወረድ ደግሞ ጊዮን ሆቴል በአትክልቱ ተከቦ ይገኝ ነበር። የዛሬው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚያቅፈው ይህ አካባቢ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዲፕሎማት፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ የጦር መኰንንና ተማሪ የሚተላለፉበት መንገድ ሆነ።

ይህ ለሙዚቃው ትልቅ ትርጕም ነበረው። በአንድ ምሽት በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ታዳሚ የተለያየ ነበርና ባንዱም ሁሉን መቻል ነበረበት። ለእራት ተመጋቢው ለስላሳ ዜማ፣ ለውጭ አገሩ እንግዳ ጃዝና የላቲን ምት፣ ለወጣቱ ሶል፣ ለሁሉም በመጨረሻ እስክስታ የሚያስመታ የሀገር ዜማ ያስፈልግ ነበር። ብዙ ጊዜ «የውጭ ተጽዕኖ» እየተባለ በአንድ ቃል የሚታለፈው ነገር ከሩቅ የነፈሰ ነፋስ ብቻ አልነበረም። በየጠረጴዛው የተቀመጠ እንግዳ ነበረ፤ ሙዚቀኛውም ያንን እንግዳ በየምሽቱ ማስተናገድ ነበረበት።

የደንብ ልብስና የሌሊት ሥራ

እንደሚታወቀው ዘመናዊው ሙዚቃችን ያደገው በመንግሥት ተቋማት ጥላ ሥር ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው፤ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም እንዲሁ። ከእነዚህ ቤቶች የወጡት ሙዚቀኞች ኖታ ማንበብን፣ በኅብረት መጫወትንና ሥርዐትን የተማሩት በዚያ ነው። ውለታው ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ሙዚቀኛው ባለማዕርግ ወታደር፣ መሣሪያው የተቋሙ ንብረት፣ ፕሮግራሙም የአለቃው ትእዛዝ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ ሳይቀር ለእስር መዳረጉ፣ ከያኒው ከሚያገለግለው ተቋም ዕጣ ነጻ እንዳልነበረ ያሳያል።

የሌሊቱ ክበብ በዚህ አጥር ላይ የተከፈተ ትንሽ በር ነበር። ሙዚቀኛው ቀን በደንብ ልብስ ያገለግላል፤ ማታ ልብሱን ለውጦ በክበብ ይሠራል። የማሕሙድ አሕመድ አጀማመር ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። የቀድሞው ሊስትሮ በአሪዞና ክበብ ሠራተኛ ሆኖ በሚያገለግልበት ጊዜ፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ በዚያ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ምሽት ድምፃዊው ሳይመጣ ቀረ፤ ማሕሙድ እንዲዘፍን ፈቃድ ጠየቀ፤ ዘፈነም። ብዙም ሳይቆይ ከክቡር ዘበኛ ድምፃውያን አንዱ ሆነ። ትዝታ ይህን ታሪክ የዕድል ተረት አድርጎ ይተርከዋል። ሐያሲው ግን ከተረቱ በስተጀርባ ያለውን አሠራር ሊያይ ይገባዋል፤ በተቋሙ ዋና በር መግባት ያልቻለ ወጣት በክበቡ የጓሮ በር ገባ።

በሩም ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ። በራስ ሆቴል፣ በዙላና በቬነስ ክበቦች ከተቋም ነጻ የሆኑ ትንንሽ ባንዶች በቀሉ። ሶል ኤኮስ ባንድ ሸክላ እስከ ማስቀረጽ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአንድ ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ደፍሮ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመና በዓለማየሁ እሸቴ ሥራ ጀመረ። ለድርጊቱ የሚገባው ምስጋና ከብዙ አቅጣጫ ተሰጥቶታል። ሆኖም ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጿ የምትይዘው የሦስትና የአራት ደቂቃ ሙዚቃ ነው፤ ያውም ድምፃዊውን ከፊት አድርጋ። ሌሊቱ ግን ብዙ ሰዓት ነበር። ሸክላ ያወረሰን የሌሊቱን ፍሬ ነው፤ ዛፉን አይደለም።

ሁለቱ ቅጂዎች

ዋልያስ ባንድ ከቬነስ ክበብ ተነሥቶ ሂልተን ሲገባ አንድ ቁም ነገር ይዞ ነበር፤ መሣሪያው የራሱ ነበር። በዚያ ዘመን ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ ማጉያውም የክበቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ንብረት ስለነበረ፣ ሙዚቀኛው ከቤቱ ከወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። መሣሪያ መግዛት ማለት የመደራደር መብት መግዛት ማለት ነበር። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖና በቅንብር፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በባስ ጊታር፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፤ እነዚህን ስሞች በሙሉ መጻፋችን ለሥነ ሥርዐት ሳይሆን የክርክራችን ዋና ነጥብ ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው የዋልያስ አልበም ሙላቱ አስታጥቄንም በእንግድነት የያዘ ነው። በውስጡ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ከአገር ውጭ ሳይቀር ብዙዎች ደግመው የተጫወቱት ሥራ ሆኗል። የሥራው ምስጢር ቀላል ይመስላል። ባሱና ድራሙ አጭር ሐረግ እየደጋገሙ መሬቱን ይደለድላሉ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በአምስት ድምፅ የተገነባውን ዜማ በአንድነት ይጥሉበታል። ምቱ አሜሪካዊ ነው ቢባል ዜማው እሺ አይልም፤ ዜማው የእኛ ብቻ ነው ቢባል ምቱ አይፈቅድም። አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ይህን ሚዛን በየምሽቱ በተደበላለቀ ታዳሚ ፊት የቆመ ባንድ እንጂ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ኮሚቴ ሊያገኘው አይችልም።

ሁለተኛው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1978 ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው። የተቀረጸው ዳህላክ ይጫወትበት በነበረው በጊዮን ሆቴል ስለሆነ፣ ሥራው የተወለደበትን ቤት ድምፅ ይዞ ቀርቷል። እዚህ ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ወስዶ ይዘፍናል። የሀገራችን አድማጭ ቃሉን የሚያውቀውን ዜማ ያለ ቃል ሲሰማ ዝም አይልም፤ ግጥሙን በልቡ ይሞላዋል። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜማል። በሆቴሉ ደግሞ ዜማውን ባንዱ ይሰጣል፤ ግጥሙን ታዳሚው በልቡ ይቀበላል። አቀራረቡ ተገለበጠ እንጂ ልማዱ አልተቋረጠም። ግጥም በሳንሱር ሚዛን ይመዘን በነበረበት ዘመን፣ በልብ የሚሞላ ግጥም መቈጣጠሪያ እንዳልነበረውም ልብ ይሏል።

ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበርና ሌሊቱም ቅርጹን ለወጠ። ከተወሰነው ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት አደገኛ ስለሆነ፣ ወደ ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ይቈያል፤ ባንዱም አብሮ። ማምሸት ማለት ማደር ሆነ። ከነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚሰማው የማይቸኩል፣ ዙሪያውን እየዞረ የሚመለስ አካሄድ ከዚህ የሌሊት ርዝመት ጋር ዝምድና ያለው ይመስለናል።

ምስጋናው እንከኑን ሊሸፍን አይገባም። በሁለቱም ሥራዎች ለእራት ተመጋቢ ጆሮ የተሰናዳ ልስላሴ አለ። አንዳንድ ቦታ ኦርጋኑ ከመጠን በላይ ይጣፍጣል፤ ሶል ኤኮስ የነበረው ሻካራነት ይጐድላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የታዳሚው ጥያቄ ነው። ወደ ሂልተን ማን ይገባ ነበር? ከሆቴሉ ጀርባ በካዛንቺስ የጭቃ ቤቶች ይኖር የነበረው ሠራተኛና የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ያንን ባንድ በአዳራሹ አልሰማውም፤ ቢሰማው በሬዲዮና በካሴት ነው። ስለዚህ «ወርቃማ ዘመን» የሚለውን ስያሜ የምንጠቀም ከሆነ ወርቁ ለሁሉ እኩል እንዳልተከፈለ አብረን እንናገር።

ከሌሊቱ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሄደ፤ ከአባላቱ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ በስደት ያቋቋሙት ባንድ ስሙ «ዙላ» ነበር። የክበቡን ስም በውጭ አገር ደግመው ማንሣታቸው፣ ሙዚቀኛ ቤቱን እንዴት እንደሚያስታውስ ከማንኛውም ሐተታ በላይ ይናገራል። ቆይቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ግርማ በየነም ከሙዚቃ ርቆ በነዳጅ ማደያ ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ ተከታታይ ቅጂዎችን ሲያወጣ ዓለም የእኛን ሸክላዎች አዳመጠ። የኃይሉ የካሴት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው፤ ግርማም እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ደስ ያሰኛል፤ ያሳፍራልም። የገዛ ቤታችንን ጌጥ ባዕድ አንሥቶ እስኪያሳየን ድረስ ጠብቀናልና።

ካዛንቺስም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአዝማሪ ቤቶቿ ታወቀች፤ ፈንድቃም ከእነዚያ ቤቶች አንዱ ሆኖ ተነሥቶ፣ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ እጅ የባህል ማዕከል እስከ መሆን ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ግን የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ፈረሰ፤ ፈንድቃም የቈየበትን ቤት ለቀቀ። ከተማ መታደሱ አይቀርም፤ ፈራሽ ጣራን ቅርስ ነው ብሎ ነዋሪውን ከሥሩ ማስቀመጥም ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ሲፈርስ ትዝታው የሚያርፍበት አድራሻ ያጣል፤ አድራሻ ያጣ ትዝታ ደግሞ የታወቁትን ስሞች ብቻ እየደጋገመ ይኖራል።

እንግዲህ ከሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። የዘመኑ ታሪክ በድምፃዊ ስም ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ሊጻፍ ይገባል። በየትኛው ክበብ የትኛው ባንድ ከመቼ እስከ መቼ ሠራ? መሣሪያው የማን ነበር? ደመወዙ እንዴት ይከፈል ነበር? ባሱን ማን መታ፣ ቅንብሩን ማን ጻፈ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ሰዎች ጥቂቶቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ሲገኙ ስለ ሱሪው ስፋት አንጠይቃቸው። በዚያ ረጅም ሌሊት፣ ታዳሚው ከጠረጴዛው ላይ አንቀላፍቶ ሳለ፣ ለማን ይጫወቱ እንደ ነበር እንጠይቃቸው።