ባዝራዋ ስትደርስ

ጥር ሲቃረብ በደብረ ወርቅና በአካባቢው ፈረስ ያለው ሁሉ ቀን ይቆጥራል። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ሜዳው ለፈረሰኛ ይለቀቃል። ጥር 23 ደግሞ ከጮቄ ማዶ፣ እንጅባራ ላይ፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በአድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ይዘክራል። የጉግስ ፍቅር ያደረበት ሰው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል እንቅልፍ የለውም። እኔም የለኝም፤ ሥራዬ ፈረስ መግራት ነው፣ ከሁሉም ይበልጥ ወጣት ባዝራ።

ጥቅምት ሳይጋመስ ሰው ውርንጭላይቱን በለኮ እየሳበ ይመጣል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “ለጥር ታደርስልኛለህ?” እኔም “አያ፣ እስቲ መጀመሪያ አፏን ልይ” እላለሁ። ባለቤቱ ቅር ይላቸዋል። እሳቸው ያሰቡት ስለ እግሯ፣ ስለ ደረቷ፣ ስለ ጋማዋ ማማር ነው። ግን ፈረስ ዕድሜውን በአፉ ይዞ ነው የሚዞረው። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው መካከለኛዎቹን የወተት ጥርሶች ከላይም ከታችም ይጥላል፤ በሦስት ዓመት ተኩል ቀጣዮቹን፣ በአራት ተኩል የዳሮቹን። አምስት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው። ገበያ ላይ “አራት ዓመቷ ነው” ተብላ የተሸጠች ባዝራ ከንፈሯ ሲገለጥ ገና የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች ያልጣለች ሆና ትገኛለች። ሻጩ ሲዋሽ ጥርሷ አይዋሽም።

ጥርሱን የምፈልገው ስለ አጥንቱ ብዬ ነው። የፈረስ አጥንት የሚረዝመው ከጫፍ ከጫፉ ነው፤ ያ ጫፍ እስኪደርቅ ድረስ ለስላሳ ነው። ከሰኮናው አጠገብ ያለው ቀድሞ ይጠነክራል፤ የፊት ጉልበቷ የሚጸናው ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው፤ ኮርቻ የሚቀመጥበት አከርካሪዋ ግን አምስት ዓመት እስኪያልፋት ይቆያል። እንግዲህ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ውርንጭላ ጎልማሳ ሰው ጭኖ ሽምጥ የሚያስጋልባት ባለቤት፣ ገና ባልጸና ጉልበት ላይ የዓመታት ዕዳ እያስቀመጠ ነው። ጉዳቱ በዚያው ቀን አይታይም። ታሸንፍለት ይሆናል፤ እልል ይባልላት ይሆናል። ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ ማለትም ፈረስ በሙሉ ጉልበቱ በሚሆንበት ዕድሜ፣ ቁልቁለት ስትወርድ ታነክሳለች። ያን ጊዜ የጥምቀቱን ግልቢያ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ይህ ማለት ውርንጭላ እስክታድግ ታስራ ትቀመጥ ማለት አይደለም፤ ይኸኛው ስሕተትም የዚያኛውን ያህል ይከፋኛል። ከእናቷ ጋር በመስክ የሮጠች ውርንጭላ ጋጣ ውስጥ ከቆመችው ይልቅ አጥንቷ የጠነከረ ነው። ወጣት አጥንት ራሱን የሚያደነድነው በሚያርፍበት ሸክም ልክ ነው፤ አጭርና ፈጣን ሩጫ፣ ያለ ሰው ክብደት፣ ደጋግሞ። ስለዚህ የሁለት ዓመቷን አልጭናትም፤ በረጅም ገመድ በክብ አዞራታለሁ፣ ከጎልማሳ ፈረስ ጎን በለኮ እየሳብሁ ዳገት አወጣታለሁ። መረሻት ብቻ ጀርባዋ ላይ ጣል አደርግላታለሁ፤ እስክትረሳው ድረስ። ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም የሚያወጣው ዳገት ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ልብንና የኋላ እግርን ያበረታል፣ የፊት እግርን አይደበድብም።

ስለ ባዝራ ስናገር የሚገርሙብኝ ብዙ ናቸው። በእኛ አገር ልማድ ለጉግስ የሚመረጠው ድንጉላ ነው፤ ባዝራ ለርቢ ትያዛለች። የነገሥታቱና የመኳንንቱ የፈረስ ስም ሳይቀር ይህንኑ ይናገራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ሁሉም በወንዱ ፈረስ ተጠሩ። የእነዚያን ፈረሶች እናት ግን ማን አሳደጋት፣ ማንስ ገራት ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ልማዱን አላቃልልም፤ ምክንያት አለው። ድንጉላ የምትፈልግ ባዝራ በድንጉላዎች መካከል ስትገባ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ፈረሱ የጌታውን ዛብ አይሰማም፣ ሰው ይወድቃል። ለዚህ መድኃኒቱ ግን ባዝራን ከሜዳ ማራቅ ሳይሆን ቀን ማወቅ ነው።

ባዝራ በየ21 ቀኑ ገደማ ትነሣለች፤ መነሣቷም አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ቀን ይቆያል። ከጥቅምት ጀምሮ ምልክቷን የሚመዘግብ ሰው ጥር ላይ አይደናገጥም። በጥምቀት ዋዜማ የተነሣች ባዝራ ለጥር 23 ረጋ ብላ ትቆማለች፤ ቀጣዩ ዙሯ የካቲት መግቢያ ላይ ነው። ጥር 2 ላይ የተነሣችው ግን ጥምቀትን በሰላም ትውልና ጥር 23 ላይ ትመለሳለች። ሒሳቡ ይኸው ነው። ጋጣ በር ላይ በከሰል የሚሠመር ጭረት ይበቃል። ባልደራስ የሚባለው ሰው ሥራው ማበጠርና ማጠብ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ይወቅ፤ የቤቱን ባዝራዎች ቀን በቃሉ የማያውቅ ባልደራስ አይባልም።

ወደ አፏ ልመለስ። የአገራችን ነባር ልጓም ኃይለኛ ነው፤ ከአገጭ ሥር የሚዞር የብረት ቀለበት አለው፣ ዛቡ ሲሳብ መንጋጋን ያጣብቃል። ለጦር ሜዳ የተሠራ ነውና በአንድ እጅ ጦር፣ በአንድ እጅ ዛብ ለያዘ ሰው ፈረስን በቅጽበት ማቆም ነበረበት። ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት ባዝራ ግን ጥርስ እየጣለች ነው፤ ድዷ ያበጠ ነው። ልጓም ስትጎርስ ራሷን ሽቅብ የምትወረውረውን “ክፉ ናት፣ እንቢተኛ ናት” ብለው በአለንጋ ይሏታል። እኔ ግን አለንጋ የያዘውን እጅ ይዤ “አፏን ክፈት” ነው የምለው። አብዛኛውን ጊዜ ከድዷ ተላቅቆ ያልወደቀ የወተት ጥርስ እናገኛለን። ያን ሰሞን በለኮ ብቻ ትሠራለች፤ ከዚያም ብረቱ ላይ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። በዚህ ዕድሜ አፏ የደነዘዘ ባዝራ ዕድሜ ልኳን በጉልበት የምትያዝ ትሆናለች፤ በጉልበት የምትያዝ ደግሞ ጉግስ ላይ መታጠፊያዋን ታሳልፋለች።

የሚጭናትም ሰው ይመረጣል። የደጋው ፈረስ ትንሽ ነው፤ ጭነቱ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባያልፍ ደግ ነው። 250 ኪሎ ለምትሆን ባዝራ ኮርቻውን ጨምሮ 50 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ፈረሰኛዋ ልጅ እግር ነው የሚሆነው፤ ቀላል፣ እጁ ለስላሳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይቸኩል። በአውራ ጣት ብቻ የሚረገጠውን ነባሩን እርካብ የለመደ ልጅ ካገኘሁ ደስ ይለኛል፤ በእርካቡ ላይ ቆሞ ሊደገፍ ስለማይችል ሚዛኑን በወገቡ ይጠብቃል፣ ጀርባዋን አይደበድብም።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለው ጊዜ የሶምሶማ ጊዜ ነው። ሰው ይሰለቸዋል። ማለዳ አመዳዩ ሣሩ ላይ እያለ እርምጃ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሶምሶማ፣ ዳገት፣ እንደገና እርምጃ። ደብረ ወርቅ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ ያደገ ፈረስ ሳንባው ለምዶታል። ቢሆንም ትንፋሽ ይሠራል እንጂ አይወረስም። የሚደንቀኝ ነገር አለ፤ ፈረስ ሲጋልብ በአንድ ዝላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። እግሮቹ ሲሰበሰቡ አየሩ ይወጣል፣ ሲዘረጉ ይገባል። በአፉም መተንፈስ አይችልም፤ በአፍንጫው ብቻ ነው። አፍንጫዋ ላይ የተጠፈረው ጠፍር ከጠበቀ ጉሮሮዋን እንደማነቅ ነው። ስለዚህ ከኮቴዋ ድምፅ በፊት ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ኮቴና ትንፋሽ አንድ ላይ ሲመቱ ደኅና ናት፤ ሲለያዩ ልጁን በእጄ ምልክት አስቆመዋለሁ፣ ሜዳው ቢቀርም።

ከግልቢያ በኋላ እጄን ከመንጋጋዋ ሥር እሰድዳለሁ፤ እዚያ የደም ሥር አለ፣ ትርታው በጣት ይሰማል። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ሽምጥ ሲጋልብ ከ200 ያልፋል። የሚነግረኝ ግን ስትሮጥ ያለው አይደለም፤ ከቆመች በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቀስ ብላ ከተራመደች በኋላ ከ60 በታች ካልወረደ፣ የነገው ግልቢያ ይቀራል። ባለቤቱ ቆሞ ቢለምነኝም ይቀራል። ጥር 11 የካህናቱ ቀጠሮ ነው፤ የእሷን ቀጠሮ የምትነግረኝ ልቧ ናት።

ሜዳውንም መርገጥ አለብኝ። በእኛ አካባቢ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት እግር ይውጣል፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የፈረስ ሰኮና የሚገባበት ነው። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ባዶ የሆነውን ማሳ አይቶ “ምን ያማረ ሜዳ!” የሚል ሰው በእግሩ አልሄደበትም። እኔ ከዳር እስከ ዳር እሄድበታለሁ፣ ስንጥቁን በጭድና በአፈር አስደፍናለሁ፤ ካልሆነ የተጋጠውን የግጦሽ መሬት እመርጣለሁ።

ቀለቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። ገብስ መልካም ነው፣ ባቄላ በልክ መልካም ነው፣ የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ድርቆሽ ከሁሉ ይበልጣል። ጓያ ግን ለፈረስ አይሰጥም። በችግር ዘመን ጓያን ብቻ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ጎጃም ያውቃል፤ ፈረስንም እንዲሁ የኋላ እግሩን ያሽመደምዳል፣ ጉሮሮውን ሽባ ያደርግና ሲሮጥ ያስጮኸዋል። ርካሽ ስለሆነና ቶሎ ስለሚያወፍር ለጥር ተብሎ ጓያ የምትቀለብ ባዝራ ዓይቼ አንጀቴ ያርራል። ከቀለብ ሌላ የሚያሰጋኝ የክረምት መውጫ ነው። በትንኝ የሚተላለፈው የፈረስ በሽታ የሚያይለው ያኔ ነው፤ በሌሊት ትንኝ ከሚበዛበት ረግረግ ማራቅና ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት በወቅቱ ማስከተብ ነው።

በሌላው ዓለም ወጣት ባዝራዎች ራሳቸውን የቻለ ውድድር አላቸው። እንግሊዝ አገር ኤፕሰም ላይ ለሦስት ዓመት ባዝራዎች ብቻ የሚደረገው ዘ ኦክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። እዚያ ከወንዶች ጋር ሲወዳደሩ የሚሸከሙት ክብደት ይቀነስላቸዋል። በሁለት ዓመታቸው እሽቅድምድም የሚገቡ ብዙ ናቸው፤ ያን አሠራር አልወደውም፣ የሚሰበረውም ብዙ ነው። ከዚያ ዓለም ልቤ የገባችው አሜሪካዊቷ ዜንያታ ናት። ሰውነቷ ትልቅ ስለነበረ አሠልጣኟ አልቸኮለም፤ የመጀመሪያ ውድድሯን ያደረገችው ሦስተኛ ዓመቷ ሊያልቅ ሲል፣ ኅዳር 2000 ዓ.ም. ላይ ነው። ከዚያ ውድድር ጀምሮ 19 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች፤ ከእነዚህ አንዱ ቀደም ሲል ባዝራ አሸንፋው የማታውቀው ብሪደርስ ከፕ ክላሲክ ነው። የተሸነፈችው አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻው ሃያኛ ውድድሯ፣ ያውም በአንገት በማይሞላ ርቀት ነበር። የእሷን ታሪክ ለሚቸኩሉ ባለቤቶች እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ “እሱ የፈረንጅ ፈረስ ነው” ይላሉ። አጥንት ፈረንጅና ሐበሻ የለውም፤ እንዲያውም በጭድና በግጦሽ ያደገች የደጋ ውርንጭላ ከእነዚያ ይልቅ ዘግይታ ነው የምትጸናው።

ለጥር የደረሰች ባዝራ ታስታውቃለች። በመጨረሻው ሳምንት ግልቢያ አልጨምርባትም፤ የተሠራው ተሠርቷል፣ በዚያ ሳምንት የሚገኝ ጉልበት የለም፣ የሚጠፋ ግን አለ። አጭር ሶምሶማ፣ አንድ ቀን ጥቂት ሽምጥ፣ የቀረው እርምጃ ነው። ለበዓሉ የሚያለብሷትን ግላስና ጌጥ አስቀድሜ አስለምዳታለሁ፤ የእልልታውን፣ የከበሮውንና የጥይቱን ድምፅም ከሩቅ ጀምሬ። የደረሰችው ባዝራ ድምፁን ስትሰማ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ሰውነቷ አይንቀጠቀጥም፣ ገብሷን ጨርሳ ትበላለች። ያልደረሰችው ግን ገብሷን ትታ በሩን ታያለች። ያልደረሰችውን ለከርሞ እንዲያቆያት ለባለቤቷ እነግራለሁ፤ ጥቂቶች ይሰሙኛል፣ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ገሪ ይወስዷታል። የወሰዷትን ሜዳ ላይ ሳይ ዓይኔ ከጉልበቷ አይነቀልም።

ጥር ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሌላው ጥያቄ ድንጉላ ነው። ጥሩ ከሮጠች ሁሉም ወዲያው ዘሯን ይፈልጋል፣ የካቲት ላይ ድንጉላ ይዘው ይመጣሉ። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ከጥቂት ቀን ነው፤ የካቲት የተጠቃች ጥር ላይ ትወልዳለች፣ መስኩ ደርቆ፣ ወተቷ በጭድ ላይ ተመሥርቶ። ሐምሌ መግቢያ ላይ የተጠቃች ግን የምትወልደው በሚቀጥለው ሰኔ፣ ዝናቡ ጀምሮ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ነው። ውርንጭላዋም የጠገበች እናት ጡት ይዛ ክረምቱን ታልፋለች። አራት ዓመት ሞልቷት፣ እስከ ሰኔ ድረስ በመስክ አርፋ፣ ሥጋዋን መልሳ ሐምሌ ላይ ታስጠቃ፤ ድንጉላ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።