«ደንታ የለኝም» እና «ግድ የለም»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አተረጓጐም

በእንግሊዝኛ «አይ ኩድንት ኬር ሌስ» የሚለው ፈሊጥ ቃል በቃል ሲፈታ «አሁን ከማስብለት ያነሰ ላስብለት አልችልም» ማለት ነው። አሳቡ ከወለሉ ደርሷል፤ ከዚያ በታች የሚወርድበት የለውም። አነጋገሩ በብሪታንያ የተዘወተረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ አሉታው ተገድፎ «አይ ኩድ ኬር ሌስ» ይባላል፤ ፍቺው ግን ያው ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ስሕተት ሲነቅፉት፣ ስቲቨን ፒንከር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ምጸት ነው ብለው ተከራክረውለታል።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ የሚደነቅበት ምክንያት አይታየንም። እኛም «ምን ገዶኝ» ስንል ከግሡ ላይ የአሉታ ምልክት የለም፤ አሉታውን የተሸከመው ጥያቄው ራሱ ነው። በአንጻሩ «ደንታ» አሉታ ካልተከተለው አይቆምም፤ «ደንታ የለውም»፣ «ደንታ ቢስ» ይባላል እንጂ «ደንታ አለው» ሲባል ሰምተን አናውቅም። እንግዲህ ለእንግሊዝኛው ፈሊጥ የሚስማማው «ቅንጣት ታህል ደንታ የለኝም» ነው፤ ቍጣ ሲኖርበት «ምን ገዶኝ»።

የምንነቅፈው «ግድ የለም» በዚሁ ረድፍ መግባቱን ነው። «ግድ የለኝም» ስንል ንቀትም ፈቃደኛነትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው አውዱ ነው። «ግድ የለም» ግን በአብዛኛው ማጽናኛ ነው። «ግድ የለህም» ሲሆንማ «እመነኝ» እስከማለት ይደርሳል። አንዲት ተውላጠ ስም ብትጐድል ንቀቱ ትሕትና ይሆናል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቶንጎ ማኦኛ፣ ኮሞኛ፣ በርታኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ ይነገራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ከሱዳን ብሉ ናይል ለመጡ ስደተኞች በተቋቋመውና በጥር 2014 ዓ.ም. በግጭት ምክንያት በተለቀቀው የቶንጎ ካምፕ በመሰለ ቦታ፣ ቃል ከአፍ ወጥቶ ከወረቀት እስኪያርፍ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይሻገራል። እንበልና አንዲት እናት ለልጇ ሕክምና ነገ እንድትመለስ ትጠየቃለች። እርሷም በሱዳን ዐረብኛ «ማዓሌሽ» ትላለች። አስተርጓሚው በትክክል «ግድ የለም» ይለዋል፤ ሁለቱ ቃላት በማጽናናት ጠባያቸው እጅግ ይቀራረባሉና። የእንግሊዝኛውን ቅጽ የሚሞላው ሰው ግን ከመዝገበ ቃላቱ ያገኘውን ይዞ «ስለ ልጇ ደንታ የላትም» ብሎ ይጽፋል። ሴትዮዋ ያለችው «ይሁን፣ እታገሣለሁ» ነበር።

በእኛ አስተያየት መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ግድ የለም»ን ከ«ደንታ የለኝም» ለይተው ራሱን የቻለ መግቢያ ሊሰጡት፣ ማን ለማን እንደሚለውም በምሳሌ ሊያሳዩ ይገባል። «ግድ የለኝም» ግን ከሁለቱም ዘንድ መጠቀሱ አይቀርም።