የትንሿ ከተማ መቼት በሦስት የአሜሪካ ልብ ወለዶች

መቼት በብዙ አንባብያን ዘንድ ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በዚህ አመለካከት መሠረት ደራሲ ከተማውንና የአየሩን ጠባይ የሚገልጸው ለጌጥ ያህል ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት በአሜሪካ የታተሙ ሦስት ሥራዎች ግን ይህን አመለካከት ያፈርሳሉ። በእነዚህ ሥራዎች ጨፍጋጋዋ ትንሽ ከተማ የሰዎቹን ዕጣ በመወሰን ረገድ ከራሳቸው ፈቃድ የማያንስ ድርሻ አላት። ኃይሏንም ለመመዘን ማን ሊወጣ እንደቻለ፣ ማንስ እንደቀረ መመርመር ይበቃል።

ኢዲት ዋርተን እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመችው «ኢታን ፍሮም» ውስጥ፣ ስታርክፊልድ የተባለች ምናባዊ መንደር በማሳቹሴትስ ምድር ፈጥራለች። ላይ ላዩን ሲታይ ኢታንን ያሰረው ረጅሙ የበረዶ ወራት ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን እርሻውም ሆነ የእንጨት መሰንጠቂያው በዕዳ የተያዙ ናቸው። ከሚወዳት ከማቲ ጋር ወደ ምዕራብ ለመኮብለል ሲያልም የጉዞውን ዋጋ ከጋዜጣ ያነባል፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ግን የለውም። የሚስቱን ሕመም ምክንያት አድርጎ፣ ላቀረበው እንጨት ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ወደ አንድ ሥራ ተቋራጭ ይሄዳል። በመንገድ ያገኘችው የተቋራጩ ሚስት ስለ ኑሮው በርኅራኄ ስታነጋግረው ግን ደጋግ ሰዎችን ማታለሉ አሳፍሮት ይመለሳል። በዚህች አጭር ትዕይንት መንደሪቱ ኢታንን የምትይዘው በጭካኔዋ ሳይሆን በደግነቷ ነው። የልብ ወለዱም ትልቁ ብርታት ይኸው ነው።

ሸርውድ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው «ዋይንስበርግ፣ ኦሃዮ» በተሰኘው የተያያዙ ታሪኮች መድበል ውስጥ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን አንደበት ነው። የከተማዋ ሰዎች የልባቸውን ለመተንፈስ ወጣቱን ጋዜጠኛ ጆርጅ ዊላርድን ይፈልጉታል፤ ሆኖም ቃል ያጥራቸዋል። እናቱ በግድግዳ ልስን ውስጥ የደበቀችለት 800 ዶላር እንኳ፣ ምስጢሩን ሳትነግረው በመሞቷ ሳይደርሰው ቀርቷል። ጆርጅ በመጨረሻ በባቡር ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ያ ውርስ በእጁ ሳይገባ ነው።

ሲንክሌር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተመው «ሜይን ስትሪት» ደግሞ ገንዘቡም ወሬውም የሞላባትን ጎፈር ፕሬሪን ያቀርባል። ከተማዋ የተቀረጸችው በደራሲው የትውልድ ከተማ በሚኔሶታዋ ሶክ ሴንተር አምሳል ነው። እዚህ የጎደለው ከተለመደው የተለየ ኑሮ የመመኘት ድፍረት ነው። የሐኪሙ ሚስት ካሮል ወደ ዋሽንግተን ሄዳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ብትሠራም፣ ኋላ ተመልሳ በዚያችው ከተማ ትኖራለች።

ሥራዎቹ ከእንከን የጸዱ አይደሉም። ከኒው ዮርክ ባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደችው ዋርተን የኢታንን መውጫ ሁሉ አንድ በአንድ ስትዘጋ፣ ከኑሮው ግፊት ይልቅ የደራሲዋ እጅ ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። የሉዊስም ስላቅ አንዳንዴ ከመደጋገሙ የተነሣ ይደነዝዛል።

ይሁን እንጂ ሦስቱ ደራስያን ለጸሐፊውም ሆነ ለሥነ ጽሑፍ መምህሩ አንድ ጠቃሚ መለኪያ ትተዋል። ስለ መቼት ሲጠየቅ «ቦታው ምን ይመስላል?» ማለት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ቦታው ለነዋሪው ምን ይነፍገዋል? በምንስ ይይዘዋል?» የሚለው ነው። ይህን የማይመልስ የመቼት ገለጻ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከታሪኩ ተነጥሎ ይቀራል።