ጭስ የሌለው ቤት

ሮሐ የንጉሥዋን ስም ወርሳ ላሊበላ ስትባል፥ ስሙን የተከለው የምእመናን አፍ ነው እንጂ የማስታወቂያ ጽሕፈት ቤት አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ፤ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ ሥራ በዙሪያቸው የነበሩት ነዋሪዎች ወደ ኩራኩር እንዲዛወሩ ተደረገ። ፍሳሽ ዐለትን ይበላልና የጥበቃውን አስፈላጊነት አንክድም። ነገር ግን ሳይፈርሱ የቀሩት ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች «ቅርስ» ቢባሉም፥ እሳት ካልነደደባቸው የሣር ክዳናቸውን ነቀዝና ምስጥ ይፈጀዋል፤ ጠባቂው ጭሱ ነበርና።

ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ፥ በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከተፈለፈለችው ከገነተ ማርያም አጠገብ፥ ዛሬም መንደር አለ። እዚያም ልማት የታሰበ እንደ ሆነ፥ መሐንዲሱ ፕላኑን ሳይዘረጋ አስቀድሞ ባልቴቲቱን «እናቴ፥ ይህን ጣራ በስንት ዓመት ያስከድኑታል?» ብሎ ይጠይቃቸው ዘንድ እንሻለን።